ከድር ሱቁን የዘጋ ዕለት

ባሌ ከድር ሱቁን የሚዘጋው በዓመት አንዴ፣ ለአረፋ ስልጤ አገር ስንገባ ብቻ ነው። ይህን የቀበና ሰው ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ውጪ ዝናብ ቢጥል፣ መብራት ቢጠፋ፣ እሱ ራሱ ትኩሳት ቢይዘው ከባንኮኒው ጀርባ አይታጣም። ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይገባል። የሰፈሩ ሰው ስኳር ሲያልቅበት ከድር አለ፤ እኔ ባሌን ስፈልገው ግን ወረፋ እጠብቃለሁ።

ባለፈው የካቲት የስድስት ዓመቷ አስያ ቤተሰቧን እንድትስል አስተማሪዋ አዘዘቻት። እኔን ሳለች፤ ታላቅ ወንድሟን ጠሀን ሳለች። አባቷን ግን ከደረቱ በላይ ብቻ።

"እግሩስ?" አልኳት።

"አባ እግር አለው እንዴ?" አለችኝ። እየቀለደች አልነበረም።

ስዕሉን ይዤ ሱቅ ሄድኩና ሚዛኑ ላይ ጣልኩለት። "ትምህርት ቤት እረፍት ነው። እሁድ ከተማውን ታሳያቸዋለህ፤ አለዚያ ይቺኑ እግርህን እኔ ራሴ እሰብራታለሁ!" ከድር ስዕሉን አይቶ ክው ብሎ ቀረ። ደንበኛ እየጠራው እንኳ አልሰማም።

እሁድ ጠዋት ታክሲ ይዘን ፒያሳ ሄድን። ስልኩ አላስቀምጥ ሲለን ቀምቼ አጠፋሁት።

ለካስ ባሌ አዲስ አበባን የሚያውቃት በጅምላ ዋጋ ነው። "እዚህ ጋ የሳሙና አከፋፋይ ነበር፣ እዚያ ማዶ ክብሪት በካርቶን..." ይላል፤ ጠሀ ቀና ብሎ ሲያይ ያለው ሰፊ መንገድና የተተከለ አበባ ነው።

"አባ፣ ጠፋን እንዴ?"

"እኛማ አለን፤ የጠፋችው ፒያሳ ናት።"

ልጆቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። አባታቸው ሰው ማሳቅ እንደሚችል ያወቁት ያኔ ነው። አይስክሬም ገዛላቸውና ሻጩን ስንት እንደሚያተርፍ ሊጠይቀው ሲል ክንዱን ቆነጠጥኩት።

ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ወጣን። በየቀኑ ከሱቁ ደጅ ሆኖ የሚያየው ተራራ ነው፤ ረግጦት ግን አያውቅም። አስያ ደከመኝ ስትል ትከሻው ላይ አወጣት። ጠሀ በባሕር ዛፉ መሃል ሲሮጥ እሱም አስያን እንደተሸከመ ተከተለው። እኔ ፎቶ ሳነሳ ስልኬ ባትሪ ጨረሰ። ከላይ ሆነን ከተማዋን ቁልቁል ስናይ ከድር "ሱቃችን የት ጋ ናት?" አለ። አራታችንም ፈለግናት፤ አጣናት።

"እኔ እኮ ያለ እሷ..." ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ወደ ልጆቹ ዞረ። ደስ ብሎኝ ነበር።

አመሻሽ ላይ ሰፈር ስንደርስ በራችን ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ጎረምሶቹ የእድሩን ድንኳን ይተክላሉ። አገር ቤት ያሉት እናቴ ናቸው ፊቴ ላይ ድቅን ያሉት። ጎረቤታችን ወርቄ ዞር ስትል ከድርን አየችና "በስመ አብ!" ብላ ጮኸች።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ በዳዳ ከዘራቸውን ተመርኩዘው መጡ። "ከድር! አለህ እንዴ?"

"አለሁ፣ ጋሼ። ማን ሞቶ ነው?"

"እሱን አንተ ንገረን እንጂ! ሱቁ ዝግ፣ ቤቱ ዝግ፣ ስልካችሁ ዝግ፤ አረፋ አይደል። ከድር ያለ ሞት አይዘጋም ብለን በየሆስፒታሉ ሰው ልከናል። የት ነበርክ?"

"እንጦጦ" አለ ባሌ አንገቱን ደፍቶ።

"እንጦጦ ምን ልታመጣ?"

"ልጆቼን ላዝናና።"

ወርቄ በሳቅ ፈነዳች፤ ሁሉም ተከተላት። ለለቅሶው የተቀቀለው ንፍሮ ለሰፈሩ ልጆች ታደለ። ጋሽ በዳዳም እንባቸውን እየጠረጉ፣ "በል፣ ነገ በጠዋት ክፈትና ሁለተኛ እንዲህ አታስደንግጠን" አሉት።

እሺ ሊል ነው ብዬ ፈራሁ። ከድር ለደንበኛ እሺ ማለት እንጂ ሌላ አያውቅም። ትከሻው ላይ የተኛችውን አስያን አስተካክሎ አቀፋትና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ነገ እከፍታለሁ፣ ጋሼ። እሁድ እሁድ ግን ዝግ ነኝ። ስሞት ልጆቼ ራሳቸው ይነግሯችኋል፤ እስከዚያ ድንኳኑን አታውጡ።"