የሳሎናችን አምስት አውሮፕላኖች

ናዝሬት ውስጥ ሰው ሳሎኑ ላይ የሚሰቅለው የታወቀ ነው። የሠርግ ፎቶ፣ የምረቃ ፎቶ፣ እንደየቤቱ እምነት የማርያም ሥዕል ወይም የመካ ፎቶ። እኛ ቤት የተሰቀሉት ግን አምስት አሮጌ የጦር አውሮፕላኖች ናቸው። ጥቁርና ነጭ ሆነው፣ እያንዳንዳቸው ከደብተር ያነሱ፣ ከሶፋው በላይ በአንድ መስመር ተደርድረዋል። እኔ ጋዋን ለብሼ የተነሳሁት ትልቁ ፎቶ መኝታ ቤት ቁም ሳጥን ጀርባ ነው ያለው። ለዚህ ነገር አባቴን በልቤ ይቅር ብዬው አላውቅም ነበር።

አባቴ ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል ውስጥ የአውሮፕላን መካኒክ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ እንደ ብዙ ባልደረቦቹ ተይዞ ካምፕ ገብቶ ወራት ቆየ። ሲወጣ እኛን ይዞ ናዝሬት መጣና ጉልበቱ እስኪደክም ጋራዥ ውስጥ የጭነት መኪና ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖረ። ጆሮው ግማሽ በግማሽ የለም፤ የአውሮፕላን ጩኸት ወስዶታል። ስለዚህ ምስጢር እንኳ ሲያወራ ጎረቤት ይሰማዋል። እናቴ ደግሞ ጠዋት ጠዋት አቧራ ስትወለውል፣ የናዝሬትን አቧራ መቼም የሚያውቅ ያውቀዋል፣ አውሮፕላኖቹ ጋ ስትደርስ ፊቷን ዞር አድርጋ በጨርቅ ዳበስ ዳበስ አድርጋቸው ታልፋለች። በብረት የቀናች ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ቤቱን ቀለም ልናስቀባ ፎቶዎቹን ሳወርድ የሁለቱን ፍሬም ምስጥ በልቶት አገኘሁ። አባቴ ይህን ሲያይ ምሳውን እንኳ በቅጡ አልበላም። እኔም በማግስቱ ወደ ሥራዬ፣ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከመሄዴ በፊት አምስቱንም ፍሬም ሠሪ ጋ ወሰድኳቸው። ፍሬም ሠሪው ከአርሲ የመጡ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። "አካም፣ ልጄ" ብለው ተቀበሉኝና ፎቶዎቹን በጥንቃቄ ከመስታወቱ አላቅቀው ጠረጴዛ ላይ ደረደሯቸው።

"ማነው የቆረጣቸው?" አሉኝ።

"ኧረ ማንም አልቆረጣቸውም።"

"እዪ እስቲ። የድሮ ፎቶ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ አለው። እነዚህ ያላቸው በሦስት ጎን ብቻ ነው። አራተኛው በመቀስ ሄዷል።"

ከዚያ በአንዱ ላይ፣ ከክንፉ ጫፍ፣ አራት ጣቶች አሳዩኝ። የጣቶቹ ባለቤት የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ከሥሩ ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን ያየሁበት ፎቶ ነው። ጣቶቹን ፍሬሙ ሸፍኗቸው ኖሯል።

ቅዳሜ ዕለት እናቴን ምስር ስትለቅም አገኘኋትና ጠየቅኳት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

"እኔ ነኝ" አለች።

አባቴ ካምፕ የገባ ሰሞን ነው። ቤት ለቤት ሊፈተሽ ነው ተባለ፤ የደንብ ልብስ ያለበት ፎቶ የተገኘበት ቤት እንዲህ ሆነ፣ እንዲያ ሆነ ይባላል። የሰፈሩ ሴቶች የባሎቻቸውን ፎቶ ማቃጠል ያዙ። እሷም መቀስ አነሳች። እሱን ከየፎቶው እየቆረጠች ከሰል ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። እኔ ያኔ ሕፃን ነኝ፤ ጀርባዋ ላይ ታዝዬ ነበር።

አፌ መቼም አያርፍም። "እማዬ፣ ሰውየውን አቃጥለሽ የጦር አውሮፕላኑን አስቀመጥሽ? ፈታሾቹ ቢመጡ በየትኛው ነበር የሚይዙሽ?" አልኳት።

"የሚታሰረው ሰው አይደለም እንዴ? ብረት ማን ያስራል?" አለችኝ።

ሁለታችንም ሳቅን። እሷ ቀድማ ሳቋን አቆመች።

"ሲመለስ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አያቸው። አንዲት ቃል አልወጣውም። በሳምንቱ ፍሬም አሠርቶ ሰቀላቸው። ያደረግሽውን እያየሽ ኑሪ ማለቱ ነው። ቢቆጣኝ በስንት ጣዕሙ። የገዛ ባሌን በእጄ እሳት ውስጥ የጨመርኩ ሴት ነኝ እኮ።"

ከሠላሳ ዓመት በላይ ይህን ተሸክማ ኖራለች። በአባቴ በገንኩ፤ ዝምታም እንዲህ ይከፋል እንዴ ብዬ።

እሑድ ፍሬሞቹ ደረሱ። አባቴ አዲስ የተቀባው ግድግዳ ላይ ሚስማር ሲመታ አጠገቡ ቆምኩ። እናቴ ወጥ ቤት ዕቃ ታጥባለች።

"አባባ፣ እማዬ አንተን ቆርጣ ያወጣችባቸውን ፎቶዎች ለምን ትሰቅላቸዋለህ?"

አልሰማኝም። ጮክ ብዬ ደገምኩለት። መዶሻውን አስቀመጠ።

"ነገረችሽ?" አለ። "አየሽ፣ የጓደኞቼ ሚስቶች ሁሉንም ነው ያቃጠሉት። ማን ይፈርድባቸዋል? እናትሽ ግን በዚያ ጭንቅ፣ አንቺን አዝላ፣ ቁጭ ብላ በመቀስ ቆረጠች። ክንፍ እንኳ አልነካችም። አውሮፕላኖቹን እንደምወድ ታውቃለች። እኔን ብታቃጥለኝ ምን አለበት፣ እኔማ ራሴ እመጣለሁ። ካምፕ ውስጥ ሳለሁ ረስታኝ ይሆን እያልኩ እጨነቅ ነበር። ቤት ገብቼ አምስቱን ሳያቸው ልቤ አረፈ። ይህን ያልሰቀልኩ ምን ልሰቅል ነው?"

ብረት አይታሰርም ያለችኝን አልነገርኩትም።

የወጥ ቤቱ ውሃ ተዘጋ። እናቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

"ይህን ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?" አለችው። ተቆጥታለች፤ እንባዋም ይወርዳል።

"የምታውቂ መስሎኝ" አለ።

መጥታ ከጎኑ ቆመች። ከመጀመሪያው ፍሬም ቀጥሎ፣ እሱ በተቆረጠበት በኩል፣ ባዶው ግድግዳ ላይ ጣቷን አሳረፈች። "እዚህ ጋ ኮፍያህን በእጅህ ይዘሃል" አለች። ወደ ቀጣዩ ሄደች። "እዚህ ቱታው ሰፍቶህ እጅጌውን ጠቅልለኸዋል። እዚህኛው ላይ ስትስቅ ዓይንህ ተጨፍኗል።" አምስቱንም እንዲህ ነገረችው። አንዱንም አልዘለለችም።

"እንዴት አልረሳሽውም?" አለ አባቴ።

"እሳት ውስጥ ከመጨመሬ በፊት አንድ በአንድ አጥንቼሃለሁ" አለችው። "ባትመለስ ለልጅቷ አባትሽ እንዲህ ነበር ብዬ የምነግራት እንዳላጣ።"