ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣው ዳኛ

ታይዋን በሚባለው ገበያ፣ ጦልሃ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ከሚሸጥበት ሱቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት ቀዝቃዛ ውሃ ሻጭ ትመጣለች። ስሟን ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ዋጋ ጠይቃው አታውቅም። ውጪ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ በረዶ የሞላውን ሳጥኗን ከጭንቅላቷ አውርዳ በሩ ሥር ታስቀምጥና ትልቁ ቴሌቪዥን ፊት ትገተራለች። ሃምሳን የዘለለች ሴት ናት፤ ጀርባዋ ግን እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ያለ ነው።

የምታየው የታዳጊ ሴቶችን የበረዶ ላይ ሸርተቴ ውድድር ነው። ውድድሩ በየሳምንቱ አገር ይቀይራል፤ እሷ ግን ስድቧን አትቀይርም። ዝላዩ ምንም አይመስላትም። አንዷ ስትወድቅ ነው የምትነደው።

«አቦ፣ ይቺን ልጅ መውደቅ ያስተማራት የለም? እጇን አስቀደመች እኮ!»

«መውደቅ ደግሞ ምን ትምህርት አለው፣ እናቴ?» አላት ጦልሃ ዛሬ እየሳቀ።

«መጀመሪያ የሚማሩት እሱን ነው! ሂድ ዕቃህን ሽጥ!» አለችውና ሳጥኗን ልታነሳ ዞረች።

ከሳጥኑ የቀለጠው ውሃ ሴራሚኩን አርሶት ኖሮ እግሯ ከዳት። ጦልሃ ደንግጦ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ሴትዮዋ በትከሻዋ ተንከባላ፣ እግሮቿን ገጥማ ቆማለች። ሦስቱም ጎኑ በሕዝብ የተሞላ የሰርከስ መድረክ ላይ የቆመች ይመስል ወደ ፊት፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እጅ ነሳች። በሱቁ ውስጥ ከፍሪጆቹና ከጦልሃ በቀር ማንም አልነበረም።

«ምን ታፈጣለህ?» አለችው እጆቿን እንደዘረጋች። «ነጥብ ስጥ!»