ትንሽ የቀረው የቤዝ ድምፅ

ይኸው ስፖንጅ። የእቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነው፣ ቢጫ፣ በምላጭ ለሁለት የተሰነጠቀ። ትናንት ሲልቨር ስፕሪንግ እናቴ ቤት ሄጄ የድሮውን የቤዝ ጊታር ቦርሳዬን ስጎረጉር ከኪሱ ወጣ። ደርቆ ይፈረፈራል። ጠጋ አድርገህ ብታሸተው አሁንም ትንሽ ሳሙና ሳሙና ይላል። እናቴ “ስፖንጄን ማን ወሰደው?” እያለች ቤቱን ስታምስ ትዝ አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ሆዱ ይባባ ይሆናል፤ እኔን መጀመሪያ የያዘኝ ንዴት ነው።

የአስራ አምስት ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። አባቴ አሮጌ መኪና ነበረችው፤ ማጫወቻዋ ውስጥ አንድ ካሴት ተቀርቅሮ አልወጣ ብሏል። ቅዳሜ ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ያለችው አክስቴ ዘንድ ስንሄድ ከተማውን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩን ይዘን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ያንኑ ካሴት እንሰማለን። ምርጫ የለማ! ዘፋኙን ከቁም ነገርም አልቆጠርኩት። እኔን የያዘኝ ከስር የሚሄደው ቤዝ ነው። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ መጨረሻው ላይ ግን ዝዝዝ የሚል። ጉልበቴ ላይ ነበር የሚሰማኝ። መኪናው የሞቀ ፕላስቲክና ቤንዚን ይሸታል፣ ከወንዙ የሚመጣው ብርሃን ዓይን ያጥበረብራል፣ አባቴ መሪውን በአውራ ጣቱ እየመታ ያጅባል።

ቤዝ ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ ሰላም አላገኘሁም። አዲስ ክር አሰርኩ፤ እንደ ቃጭል ጮኸብኝ። አሮጌ ክር ይሻላል ሲሉኝ አሮጌ ለምኜ አሰርኩ። ስፖንጁን ከክሮቹ ስር ወተፍኩ፤ ድምፁ አጠረልኝ፣ ታፈነልኝ፣ ዝዝታው ግን የለም። በአውራ ጣት መታሁ፣ በሁለት ጣት መታሁ፣ አንገቱ ጋ መታሁ፣ ታች መታሁ። ጣቴ ውሃ ቋጠረ። ድምፅ ማጉያው አምፕ ላይ ያልዞረ ቁልፍ አልቀረም። ጎረቤታችን ግድግዳውን ትደበድባለች፣ እናቴ ስፖንጇን ትፈልጋለች፣ እኔ እንደ ጅል ያችኑ የካሴቱን አራት ኖታ እደጋግማለሁ።

አባቴ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ክፍሌ በር ላይ ይቆማል። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል። ከዚያ ሁሌ የሚላት አንዲት ነገር ናት።

“ትንሽ ይቀረዋል።”

“ምኑ ነው የሚቀረው?” ስለው ትከሻውን ይሰብቃል። የሚያበሽቀኝ ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው፤ እኔም እንደሚቀረው አውቃለሁ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ “ይኸው፣ መጣ” እንዲለኝ ነበር የምፈልገው። ለዚያ ብዬ ሁለት ዓመት ታገልኩ።

አንድ ቅዳሜ አክስቴ ቤት ማኅበር ነበር። እንደ ልማዴ ስለ ቤዙ ሳማርር አክስቴ የማን ካሴት እንደሆነ ጠየቀች፤ አባቴ ነገራት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “እሱ ካሴት ላይ ቤዙን የመቱት እኮ እሳቸው ናቸው” ብላ ጥግ የተቀመጡትን ሽማግሌ በአገጯ አመለከተችን። በየወሩ ጠበል ጠዲቅ የሚያቀብሉኝን፣ “ትምህርት እንዴት ነው?” የሚሉኝን ሰውዬ! ለካ ሙዚቃውን እርግፍ አድርገው ትተውት ኖሯል። በማኅበር መሃል የዘፈን ነገር ማንሳት ነውር ነው ተብሎ እስከዚያ ቀን ማንም ትንፍሽ አላለልኝም። አቤት እንዴት እንደበገንኩ!

ጸሎቱ እስኪያልቅ መቀመጫዬ እሾህ ሆነብኝ። ሲወጡ ጠብቄ በጥያቄ አጣደፍኳቸው፤ ክሩ ምን ነበር፣ አምፑ ምን ነበር፣ በየትኛው ጣት ነበር የሚመቱት?

“ልጄ፣ ቤዙም የኔ አልነበረም” አሉኝ። “ያገኘሁትን ነው የመታሁት።”

ለምነን መኪናችን ውስጥ አስገባናቸው። ከፊት ተቀመጡ፣ አባቴ ካሴቱን ከፈተ። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ከዚያ መዳፋቸውን በሩ ላይ፣ ስፒከሩ አጠገብ አሳርፈው ጫን አደረጉ። ዝዝታው ጠፋ። ውፍረቱም አብሮ ሄደ፤ የቀረው ደረቅ፣ ተራ ቤዝ ነው። እጃቸውን ሲያነሱ ድምፁ ተመለሰ።

“ይሄ እኔ አይደለሁም፣ በሩ ነው” አሉ። “ሽፋኑ ላልቷል።”

እሳቸው ሳቁ፣ አባቴም ሳቀ። እኔ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። ጣቴ እስኪላጥ የፈለግኩት ድምፅ ሰው የመታው እንኳ አልነበረም።

በሳምንቱ አባቴ ወደ መኪና ማቆሚያው ጠራኝ። ፊቱ በርቷል። የበሩን ሽፋን ፈትቶ፣ ከኋላው ጨርቅ ጠቅጥቆ፣ ብሎኑን ጥርቅም አድርጎ አጥብቆታል። ካሴቱን ከፈተው። ንጹሕ፣ የማንም ሊሆን የሚችል ቤዝ ተሰማ።

“አሁን የሳቸውን ትክክለኛ ድምፅ ስሚ” አለኝ። ደስ የሚለኝ መስሎታል።

“ማን ንካው አለህ?” አልኩት። አባቴን! “ሁሉን ነገር አበላሸኸው።”

ትቼው ወደ ላይ ወጣሁ። በመስኮት ሳይ ሽፋኑን መልሶ ፈቷል። ጨርቁን አወጣ። ብሎኑን አላላ፣ ካሴቱን ከፍቶ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ፣ ትንሽ አጠበቀ፣ ደግሞ አላላ። ያ ዝዝታ አልመጣለትም። ጀምበር እስክትጠልቅ ሲታገል አየሁት፤ ወርጄ ግን ተወው አላልኩትም። ይህን ስነግርህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኋላ በሬን ዘግቼ መለማመድ ጀመርኩ። እሱም በሬ ላይ መቆሙን ተወ። መኪናዋ ተሸጠች። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው።

ትናንት ስፖንጁ እጄ ላይ ሲፈረፈር የእናቴን አዲስ ስፖንጅ ሰረቅኩ። ሰንጥቄ ከአሮጌው ቤዜ ክሮች ስር ወተፍኩት። የድሮ ክፍሌን ቁም ሳጥን በር ብሎኖች አላልቼ አምፑን ውስጡ አስቀመጥኩና ያችኑ አራት ኖታ በአውራ ጣቴ መታሁ። ዝዝዝ አለ። ጉልበቴ ላይ ተሰማኝ። መጣ መሰለኝ፤ አልመጣም መሰለኝ፤ ጆሮዬን አላመንኩትም።

ክሩን በእጄ ዝም አሰኘሁና ወደ ክፍሉ በር ዞርኩ። አባቴ “ትንሽ ይቀረዋል” እንዲለኝ ጠበቅኩ።