ኪኒኔን ስውጥ የሚያየኝ ሰው

የሕመሜ የመጀመሪያ ምልክት ሳል አልነበረም፤ የትንፋሽ ማጠር ነበር። በኅዳር ሚካኤል ዕለት እዚህ ጭሮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቋሚያዬን ተደግፌ ቆሜ፣ ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሲል አብሬ ጀመርሁ፤ ከመካከሉ ስደርስ ትንፋሼ ተቆረጠ። ዝም አልሁ። እኔ የተውሁትን በዙሪያዬ ያሉት ሞሉት፤ ዜማውም ሳይጎድል አለፈ።

እኔ የማስታውሰው እንዲህ ነው። የጤና ጣቢያው ካርድ ግን ሌላ ይላል። በታኅሣሥ መጀመሪያ ለነርሷ «ሁለት ወር ያህል አስሎኛል» ብዬ እንደተናገርሁ በግልጽ ተጽፏል። ካርዱ ትክክል ከሆነ ሕመሙ ከበዓሉ በፊት ጀምሯል ማለት ነው፤ እኔም ሳሉን ረስቼ ዜማውን ብቻ አስቀርቻለሁ። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሕሙማን፣ ከካርዱ የገለበጥሁትን እመኑ፤ ከትዝታዬ የቀዳሁትን ግን እኔ እንደምጠረጥረው ጠርጥሩ።

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። በወጣትነቴ ከጎጃም ተመድቤ ወደ ምዕራብ ሐረርጌ መጣሁ፤ መጀመሪያ በበደሳ፣ ኋላም በጭሮ ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ አስተማርሁ። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመት አልፏል። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ኑሮዋ አዲስ አበባ ነው። የቲቢን ባክቴሪያ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስንት ጊዜ እንደሣልሁት አላውቅም። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። ማወቅ ምን ያህል እንደማያድን እንድታዩ ነው።

የአክታዬ ምርመራ ውጤት በመጣ ጊዜ ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ፣ «መምህር፣ የሳንባ ቲቢ ነው» አለኝ። «ይድናል። ነገር ግን ሕክምናው ስድስት ወር ነው፤ አንድም ቀን አይዘለልም።»

ከዚያ ወደ ቲቢ ክፍል ተላክሁ። የክፍሉ ነርስ ሲስተር ሀሊማ ትባላለች፤ የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ፈጣንና ቀጥተኛ ነው። ካርዴን እየሞላች፣

«የደጋፊ ስም?» አለች።

«ምን ማለት ነው?»

«መድኃኒት ስትውጥ የሚያይ። ቤት የሚመጣ። ጠፍተህ ስትቀር ፈልጎ የሚያመጣ።»

«የለኝም» አልሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። «ሰው የሌለው ሰው አለ እንዴ፣ አባባ?» አለች፤ መስመሩንም ባዶ ትታ ወደሚቀጥለው አለፈች።

እውነቱን ለመናገር ሰው ነበረኝ። በወር በወር በዐሥራ ሁለት የምንሰበሰብ የቅዱስ ሚካኤል የጽዋ ማኅበርተኞች ነን። ሰዓታችንን ጠብቀን በተራ በየቤታችን እንገናኛለን፤ ካህኑ ከጸለየ በኋላ ጽዋው ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ቲቢ በሳልና በትንፋሽ እንጂ በጽዋ እንደማይተላለፍ ለተማሪዎቼ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ሆኖም ጽዋው ከእኔ አልፎ ወደ ጎረቤቴ ሲሻገር፣ የሰው ዓይን ለአፍታ ጠርዙ ላይ ሲያርፍ ታየኝ። ያን ዓይን ፈራሁ። ለማኅበራችን መሪ፣ እኛ ሙሴ ለምንለው፣ ስልክ ደወልሁና፣ «ልጄ ዘንድ አዲስ አበባ ልሄድ ነው፤ ጥቂት ወራት እቆያለሁ» አልሁት። «በሰላም ይመልስዎት» አለኝ።

ዋሸሁ። የዋሸሁትንም ውሸት መኖር ነበረብኝ። በአጥሩ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋሁ። ጠዋት ጠዋት ኮፍያና ማስክ አድርጌ፣ በኋላ በር ወጥቼ፣ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ እሄድ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ሲስተር ሀሊማ አራቱን መድኃኒቶች ያቀናጀውን ኪኒን በፊቷ አስዋጠችኝ። ሽንቴ ቀላ፤ ከአራቱ አንዱ የሆነው የሪፋምፒሲን ጠባይ ስለሆነ አትደንግጡ። መገጣጠሚያዬን አመመኝ፤ ይህም የሚጠበቅ ነው። ክብደቴ ተመለሰ። ከሁሉ የከበደኝ እንደ ሕፃን በሰው ፊት መዋጤ ነበር። የካቲት አጋማሽ ላይ አክታዬ ተመርምሮ ነጻ ሆኖ ተገኘ፤ ቀጣዩን መድኃኒት በየሳምንቱ እየወሰድሁ ቤቴ እንድውጥ ተፈቀደልኝ። ደስ አለኝ። ከዓይን ወጣሁ ብዬ ነበር።

ወዲያው ዐቢይ ጾም ገባ።

ስሕተቴን በግልጽ ልጻፍ፤ ብዙዎቻችሁ በዚሁ መንገድ ታልፋላችሁና። መድኃኒቱ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ ይወሰዳል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሐሳብ አገኘሁ፤ «በዘጠኝ ሰዓትም ሆዴ ባዶ ነው፤ ከቅዳሴ መውጫ በኋላ እውጣለሁ» አልሁ። ለሐኪሙ አልነገርሁም። ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም፤ አዲስ አበባ ነኝ ብያለሁና። ቤተ ክርስቲያንም አልሄድሁ። የቅዳሴውን ሰዓት በደወል ብቻ እየገመትሁ ብቻዬን እጸልይ ነበር።

ብቻውን የጸለየ ሰው የምለው ይገባዋል። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ በእነዚያ ቀናት ግን ከመካከሉ አንድ መስመር ይወድቅብኝ ጀመር። በጉባኤ ሲሆን አንተ የጣልኸውን ጎረቤትህ ያነሣዋል፤ መውደቁንም ሳታውቅ ታልፋለህ። ብቻህን ስትሆን የወደቀው እዚያው ይቀራል። መለስ ብዬ እጀምራለሁ፤ ደግሜ እዚያው እስታለሁ። አንዳንድ ቀን የዕለቱን ማድረሴን ወይም አለማድረሴን መለየት ያቅተኝ ነበር። ኪኒኑም እንደዚያው ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይደክመኛል፤ እህል ቀምሼ እተኛለሁ፤ ስነሣ «ውጬ ነበር?» እላለሁ። «ውጫለሁ» ብዬ ለራሴ እመልሳለሁ። የሚመሰክርብኝ አልነበረም።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ትኩሳቱ ተመለሰ።

ሳሉ ተመለሰ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አስሎኝ መሐረቤን አየሁ። ደም ነበረበት። ተቀመጥሁ። ማንን እንደምጠራ አላወቅሁም። ማንንም አልጠራሁም።

ጤና ጣቢያ ስደርስ ሲስተር ሀሊማ ያልዋጥሁትንም የዋጥሁትንም ማሸጊያ ሁሉ አምጣ ብላ መለሰችኝ። አመጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣

«ስንት ቀን ዘለልህ?» አለች።

«አራት። ቢበዛ አምስት።»

ማሸጊያውን አንድ በአንድ እያገላበጠች ቈጠረች። ከሃያ አንድ ቀን ዐሥራ ሦስቱ አልተነካም። እኔ ቅን ሆኜ ነበር የመለስሁት። እስከ ዛሬም አምስት ነው የሚመስለኝ።

«ለምን?» አለች።

«ጾም ነው» አልሁ።

ረመዳን ነበር። ከንፈሯ ደርቆ ነበር። ማሸጊያዎቹን ሰብስባ ወደ ጎን ገፋችና፣ «እኔም ጾመኛ ነኝ፣ አባባ» አለች። «በእኛ የታመመ አይጾምም። ሲሽለው ቀን ይተካል። ረቢ፣ ፈጣሪ ራሱ፣ ፈቅዷል። የእናንተ አይፈቅድም?»

«ይፈቅዳል።»

«ታዲያ አንተ ከእሱ ትበልጣለህ?»

የእኔን እምነት የማታምን ሴት በገዛ እምነቴ ረታችኝ።

አክታዬ እንደገና ተመረመረ። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶ እንደሆነ የሚያሳየው ምርመራ ነው። ተላምዶ ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው፤ ይረዝማል፤ ይከብዳል። በእኔ ዕድሜ ላይቻል ይችላል። ሁለት ቀን ጠበቅሁ። አልጸለይሁም። መጸለይ አፈርሁ። በሁለቱ ቀናት የተናገርሁት ቃል ለባጃጅ ሾፌሩ «እዚህ አቁም» ያልሁት ብቻ ነው ብዬ አስባለሁ።

«አልተላመደም» አለኝ ሐኪሙ። «ነገር ግን ባክቴሪያው ተመልሷል። ከአንድ እንጀምራለን፤ ስድስት ወር። መምህር፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ዕድል ላያገኙ ይችላሉ።»

ሲስተር ሀሊማ አዲስ ካርድ አወጣች። ባዶው መስመር ላይ ስትደርስ ብዕሯን ይዛ ቆመች።

«ስም።»

ካርዱን አተኵሬ አየሁ።

«እዚህ ነው የምንውለው እንግዲህ። እኔ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪደርስ ምንም የምበላው የለም፤ አልቸኩልም።»

«ወይዘሮ ጽጌ» አልሁ።

ስለ ወይዘሮ ጽጌ ልንገራችሁ። ማኅበርተኛችን ናት፤ አጥር ለአጥር ነን፤ ሱቅ አላት። በማኅበር ዕለት ከሁሉ ጋር ስስማማ ከእሷ ጋር አልስማማም ነበር። ፊደል አልቈጠረችም፤ ጥያቄዋ ግን አያልቅም። ካህኑ ሲያስተምር እየመለሰች ስትጠይቅ ብዙ ጊዜ «ዝም በይ እስቲ» ብያታለሁ። የጠራኋት ስለምወዳት አልነበረም። ቤቷ ቅርብ ስለሆነ ነው። እዚያው ሆኜ ደወልሁላት።

«ጋሼ! ከአዲስ አበባ ገቡ?»

«አልሄድሁም፣ ወይዘሮ ጽጌ። ቤቴ ነበርሁ። ታምሜ ነው። ቲቢ ነው።»

«እኔስ አዲስ አበባ የሚያስል ሰው እንዴት እኛ አጥር ድረስ ይሰማል እል ነበር» አለች።

«ታውቁ ነበር?»

«ከታኅሣሥ ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አላንኳኳችሁም?»

«ሄጃለሁ ያሉ ትልቅ ሰው፣ አሉ ተብሎ በራቸው ይመታል እንዴ? ያሳፍራል እኮ። ሙሴውም "ተዉዋቸው፣ ሲፈልጉ ይመጣሉ" አለን። እኛም በየዐሥራ ሁለቱ ስምዎን እየጠራን እንጸልይ ነበር እንጂ ምን እናድርግ?»

የሁለታችን ቤት በአጥሩ ቢለያይም ሁለት ሜትር ያህል እንኳ አይራራቅም። በዚያ ወገን እነሱ ስለ እኔ ይጸልያሉ፤ በዚህ ወገን እኔ ብቻዬን ቀርቻለሁ እላለሁ። እኔ እንዳላፍር እነሱ ዝም አሉ፤ እነሱ እንዳይሸሹኝ እኔ ዝም አልሁ። ሁላችንም የተጠነቀቅነው በመከባበር ነበር፤ መከባበሩ ሊገድለኝ ጥቂት ቀረው።

በማግስቱ ጠዋት በአንድ ሰዓት መጣች። ነርሷ እንዳዘዘችው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እኔ በረንዳ ላይ በፀሐይ ተቀምጬ፣ እሷ ራቅ ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትቆም ነበር። ዋጥሁ።

«አፍዎን ይክፈቱ።»

«ወይዘሮ ጽጌ፣ ይህን ሐኪሙም አላዘዘ።»

«እኔ አዝዣለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ አፌን ሲያዘጉኝ የኖሩ ሰው፣ ዛሬ አንድ ጊዜ ቢከፍቱልኝ ምን አለ? ምላስዎንም ያንሡ።»

አነሣሁ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ፤ ሳቁም አሳለኝ፤ እሷም ደንግጣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

የንስሐ አባቴን የጠራቻቸው እሷ ናት። መጥተው ደጃፉ ላይ ቆመው ሰሙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ይህን ጾም ማን ሰጠዎት?» ብቻ አሉኝ። «እኔ አልሰጠሁዎትም። ሕመምተኛ ከአባቱ ሳይጠይቅ የያዘው ጾም የራሱ ፈቃድ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን አይደለም። ይብሉ፤ ወተቱንም ይጠጡ። ስለ እርስዎ ማኅበርተኞችዎ ይጹሙ።» ጾሙንም በእርግጥ አከፋፈሏቸው ወይስ ለማጽናናት ያሉት ነው፣ አልጠየቅሁም፤ ወይዘሮ ጽጌ ግን እስከ ትንሣኤ ድረስ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ስትደርስ «ዛሬም የእርስዎን ጾሜልዎታለሁ፤ ቀላል አይምሰልዎት» ትለኝ ነበር።

ማገገሜ ረጅም ነበር፤ ክረምቱ ገብቶ የጭሮ ተራሮች በጉም ሲሸፈኑ እንኳ ጃንጥላዋን ይዛ፣ ፕላስቲክ ጫማዋን በረንዳው ላይ አውልቃ ትገባ ነበር፤ ነሐሴ ላይ ኪኒኑን ከዋጥሁ ወዲያ ቁጭ ብላ የዕለቱን ጸሎት ሳነብ ታዳምጠኝ ጀመር፤ መስመር ስዘል ደግሞ፣ ማንበብ የማትችለው ሴት፣ በጆሮዋ የያዘችውን ከአፌ ቀድማ ትለው ነበር። ብዙ ጊዜ ዝም በይ ያልኋት ሴት የጸሎቴ ጠባቂ ሆነች። በመስከረም አክታዬ ነጻ ሆነ፤ ካርዱም ላይ «ታክሞ ድኗል» ተብሎ ተጻፈ። የቀኝ ሳንባዬ ጫፍ ጠባሳ ይዟል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣውን ዳገት ሦስት ጊዜ ሳላርፍ አልወጣም። ቤቴም ዛሬም ጸጥ ያለ ነው። ወይዘሮ ጽጌ ሕክምናው ካለቀ ወዲህ በየጠዋቱ አትመጣም፤ ሱቅ አላት። ብቸኝነት መድኃኒት የሚያጠፋው ባክቴሪያ አይደለም፤ ይህን ላታልላችሁ አልፈልግም።

እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ሐኪሙን፣ በተጠማ አፏ እውነቱን የነገረችኝን ሲስተር ሀሊማን፣ የንስሐ አባቴን፣ ወይዘሮ ጽጌን አመሰግናለሁ። ማኅበርተኞቼንም አመሰግናለሁ፤ ስሜን ሳይተዉ ጠርተውኛልና።

ለታመማችሁ የምመክረው ትንሽ ነው። መድኃኒታችሁን ከጾም ጋር ራሳችሁ አታስታርቁ፤ ለሐኪማችሁም ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ። ትዝታችሁን አትመኑ፤ በየቀኑ ምልክት አድርጉ፤ ምልክቱንም ሌላ ሰው ይየው። «የደጋፊ ስም» ስትባሉ «የለኝም» አትበሉ። የምትወዱት ሰው መሆን የለበትም፤ ቤቱ የሚቀርበው ይበቃል።

ለጤነኞች ግን የበለጠ እላለሁ፤ ይህን ያነበባችሁ ማኅበርተኞች፣ ጎረቤቶች። ስለ ቀረው ወንድማችሁ ስትጸልዩ መልካም አደረጋችሁ። ነገር ግን ሄጃለሁ ያላችሁ ሰው ከአጥር ማዶ ሲያስል ከሰማችሁ፣ ጸሎቱን እዚያው አቁሙና ተነሡ። ያፍርባችኋል፤ ይቆጣችሁም ይሆናል። ይቆጣ። በሩን ምቱ።