ቀላሉ ቸርኬ

እኔ ብስክሌት አልወድም። ያኔም አልወድም ነበር፣ ዛሬም አልወድም። ታናሽ ወንድሜ ግን በኮርሳ ያበደ ሰው ነበር። ያችን ቀጭን የውድድር ብስክሌቱን ከእኛ ከሥጋ ዘመዶቹ አብልጦ ነው የሚያያት። አንዴ ዞኑን ወክሎ ሐዋሳ ሲወዳደር አስፋልት ላይ ተከስክሶ፣ ክንዱ ተልጦ መጣና፣ "የወደቅኩት እኔ አይደለሁም፣ ቸርኬው ነው!" ብሎ ድርቅ አለ። የኋላው ቸርኬ በእርግጥም ተጣሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቤታችን ወሬ ሁሉ አዲስ ቸርኬ ሆነ፤ እራት ላይ ቸርኬ፣ ከጸሎት በኋላ ቸርኬ። ለውድድር ሽቦው የሳሳው ቀላሉ፣ ለኮረኮንች ሽቦው የበዛው ከባዱ እያለ ስለሚያደርቀን እናታችን ሳትቀር በቃሏ ይዛዋለች።

አዲሱን ሳያገኝ ታመመ። መጀመሪያ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር፤ እኔም "ስንፍና ነው" እያልኩ እቀልድበት ነበር። ከዚያ እግሩ አበጠ። ኦቶና ሆስፒታል ተኝቷል ሲሉኝ ገሱባ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ወገብ በሚሰብረው መንገድ ስንገጫገጭ ሶዶ ደረስኩ።

ሐኪሙ እናቴንና እኔን ኮሪደር ላይ ነጥሎ በዝግታ ነገረን። የልቡ በር ለዓመታት ሲበላሽ ኖሯል፤ አሁን ጊዜው አልፏል። ብስክሌቱ ይቅርና ወደ ቤት መመለሱም ያጠራጥራል። እናቴ አላለቀሰችም። ክንዴን ጨምድዳ ይዛ በወላይትኛ፣ "ለእሱ ትንፍሽ እንዳትል" አለችኝ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ወሬ ለበሽተኛው አይነገርም፤ ቤተሰቡ ይዞት ይቃጠላል እንጂ። ተስፋ ከቆረጠ ቶሎ ይሄዳል ብላ ፈርታለች። እሺ አልኳት፤ ሌላ ምን ልበል?

በማግስቱ፣ "ያን ቸርኬውን እንግዛለት" አለች። "ለሚሞት ሰው ቸርኬ አይገዛም። ሲያየው እድናለሁ ይላል።" እንዲህ ያለ ነገር ከየት እንዳመጣችው እንጃ፤ እኔ ግን እምቢ ለማለት አቅም አልነበረኝም።

ገበያው ዳር ያገለገለ የብስክሌት ዕቃ ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ ነጋዴ አለ። ወንድሜን ስለሚወደው ሁለት ጥንድ፣ አንዱን ቀላል አንዱን ከባድ፣ አስያዘኝና፣ "ያልፈለገውን መልስልኝ" አለ። ባጃጅ ውስጥ ጎማዎቹን እንደ ልጅ ታቅፌ ሆስፒታል ደረስኩ። የበሩ ዘበኛ፣ "ጉድ እኮ ነው! ሰው ወተትና ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ አንተ ጎማ?" ብሎ ሳቀ። ለጥቂት ነው ያልተጣላሁት።

ወንድሜ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ቀላሉን ተቀብሎ በጣቶቹ መሃል አሽከረከረው፤ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው፤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካካቸው። ከባዱን ማንሳት ግን አቃተው፤ እኔ ያዝኩለት። ዞር ዞር አድርጎ ካየው በኋላ፣

"ኧረ ይሄ ጥሩ ነው" አለ። "የገሱባ መንገድ አይበግረውም። ለአንተ ይሆንሃል።"

"ለእኔ? እኔ መቼ ብስክሌት ስነዳ አየኸኝ?"

"ትማራለሃ። ብስክሌቷ ዝጋ ትቅር እንዴ?"

ክው አልኩ። "ምን ማለትህ ነው? ምን ትቀባጥራለህ?" ብዬ ጮህኩበት። ያን ሰዓት ከቁጣ ሌላ የምይዘው አልነበረኝም።

"ተው አትጩህ፣ ሰው ተኝቷል" አለኝ። "ፊትህ ያሳብቃል እኮ። ደግሞ እግሬን እኔም አየዋለሁ።"

ከዚያ በኋላ መቻል አቃተኝ፤ ጎማውን እንደያዝኩ ተንሰቀሰቅሁ። ላባብለው የመጣሁትን እኔን እሱ አባበለኝ፤ ባበጠ እጁ ጉልበቴን እየመታ፣ "በቃ፣ በቃ" ይለኛል። አፈርኩ፤ ደግሞም ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ከባዱን እንደገና አየና፣ "አይ፣ ይቅር። ይሄን መልሰው፤ ቀላሉን ግዛ" አለ።

"አሁን ደግሞ ለምን?"

"እማዬ ከባዱን ካየች ይገባታል። እሷ ምንም አታውቅም። የውድድሩን ይዘህ ስትገባ ልጄ ሊድን ነው ትላለች። አደራህን፣ እንዳትነግራት።"

ታውቃለች፣ ከአንተ በፊት ነው የሰማችው ልለው አፌ ድረስ መጣ። ግን ደስ የሚያሰኘው የእሷ አለማወቅ ብቻ ነበር፤ ያንን እንዴት ልቀማው? አደራህን ተቀብያለሁ፣ አልነግራትም አልኩት። ደክሞት ዓይኑን ጨፈነ።

ከባዱን ለነጋዴው መልሼ ቀላሉን ይዤ ቤት ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማለች። ከእኔ ፊት በፊት ያየችው ጎማውን ነው። ቀረብ ብላ ሽቦውን በጣቷ ነካች።

"ቀላሉን ነው የመረጠው? የውድድሩን?"

"አዎ።"

ዓይኗ እንባ ሞላ። "ጌታ ይመስገን" አለች፣ "እንግዲያስ አልገባውም።"

"አልገባውም፣ እማዬ" አልኳት።