ካዛንቺስ ለሐና ያለቀሰችበት ታኅሣሥ

ባለፈው ሳምንት ከእትዬ አስናቀች ለቅሶ ስመለስ ለገሃር ላይ ታክሲ እየጠበቅሁ ቦምቦሊኖ ሸተተኝ። አንዲት ልጅ ከምድጃዋ ላይ ትኩስ ትኩሱን እያወጣች ስኳር ትነሰንስበታለች። «የጾም ነው?» አልኳት። «የጾም ነው እማማ፣ እንቁላል የሚባል አልነካውም» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ መንገድ ዳር ቆሜ መብላት ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ግን በላሁ። የታኅሣሥ ፀሐይ ግንባሬን እያቃጠለኝ፣ ጥላው ውስጥ ያለው እግሬ ደግሞ እየቀዘቀዘኝ፣ እንባዬ ዝርግፍ አለ። ልጅቷ ዘይቱ ያቃጠለኝ መስሏት ውሃ ልታመጣልኝ ሮጠች።

ያስለቀሰኝ ቦምቦሊኖው ብቻ አልነበረም። እትዬ አስናቀች ካዛንቺስ ያለው ቤቷ ሲፈርስ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷት እዚያ ከገባች ወዲህ ጎረቤት አላወቃትም። ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ ሰዉ ስልኩን ያያል፤ ድምፅ የሚያወጣ አልነበረም። ያቺ ሴት እንዲህ በጸጥታ ትሸኛለች ብሎ ማን ያስባል? እኔም ብሆን ከአንድ ጥግ ተቀምጬ ሳላለቅስላት ተነሣሁ።

እትዬ አስናቀች ማን እንደነበረች ለመናገር ወደ ሌላ ታኅሣሥ መመለስ አለብኝ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ተቀምጫለሁ። ከቤታችን ጀርባ፣ ጣልያን ከሠራቸው ቤቶች በአንዱ፣ ከእስራኤል የመጡ ባልና ሚስት ተከራይተው ነበር። ባልየው የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር መሐንዲስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አዋሽ ነው የሚከርመው። ሚስቱ ሪና ትባላለች። ኖዓ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አለቻቸው፤ እሷን እንድጠብቅ እኔ ተቀጠርኩ። እናቴ እንግሊዝኛዬ ይሻሻላል ብላ ደስ አላት። የሪና እንግሊዝኛም እንደኔው የተሰባበረ ስለነበር በደንብ እንግባባ ነበር።

ያ ቤት ለኔ ሌላ ሀገር ነበር። በጠዋት ተነሥተው ኪያርና ቲማቲም አድቅቀው ከትፈው ይበላሉ። ይህን ለእናቴ ስነግራት፣ «በባዶ ሆድ ጥሬ ቅጠል? ፍየል ናቸው እንዴ?» አለች። ዓርብ ዓርብ ቤቱ ተጠርጎ ታጥቦ፣ ማታ ሁለት ሻማ ይበራል። ሲነጋገሩ ድምፃቸው ከፍ ስለሚል የተጣሉ ይመስለኝ ነበር፤ መዋደዳቸው መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ባልየው በምሳ ሰዓት ድንገት መጣ። እኔ ኖዓን እያበላሁ ነበር። ወጥ ቤት ገብቶ ሳህን ለምታጥበው ለሪና በቋንቋቸው የሆነ ነገር ነገራት። ቧንቧውን ዘጋችው። ትንሽ ቆየችና መልሳ ከፍታ እጥበቷን ቀጠለች።

ማታ ስወጣ በር ላይ አገኘችኝና፣ «እናቴ ሞታለች። ለማንም አትንገሪ» አለችኝ።

ደነገጥኩ። እናትየዋ የሞተችው እዚያው ሀገራቸው፣ ሐይፋ ነው። በነሱ ዘንድ ቀብር ወዲያው ስለሆነ በአውሮፕላን ብትሄድ እንኳ አትደርስም። እኔን ያስደነገጠኝ ግን መርዶው ነው። በኛ ሀገር መርዶ ንጋት ላይ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። በቀትር፣ በቁም፣ ሳህን ይዞ እንዴት ይረዳሉ?

«አታለቅሺም?» አልኳት።

«እዚህ ከማን ጋር?» አለችኝ። «ሀገሬ ስገባ አለቅሳለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሪና መክሳት ጀመረች። ምግብ ታቀርባለች፣ አትቀምስም። ጥቁር ሹራብ ለብሳ መስኮት ላይ ትቆማለች። ኖዓ እጇን እየጎተተች፣ «እማዬ አትሰማኝም» እያለች ስሞታ ትነግረኛለች። ባልየው ሁለቱንም ወደ ሀገራቸው ሊልካቸው ማሰቡን ነገረኝ። እኔም ፈራሁ። እንዲህ ታፍና ከቀረች መንገድ ላይ የሆነ ነገር ትሆናለች ብዬ እንቅልፍ አጣሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ለእናቴም አልነገርኳትም።

ታኅሣሥ ገባ፤ የሐኑካ በዓላቸው ደረሰ። በጥንት ጊዜ ለአንድ ቀን ብቻ የምትበቃ ዘይት ስምንት ቀን አበራች ይላሉ፤ እሷን እያሰቡ በየምሽቱ አንድ ሻማ እየጨመሩ ያበራሉ፣ በዘይት የተጠበሰም ይበላሉ። ሪና አላከብርም ብላ ነበር፤ ኖዓ አልቅሳ አስገደደቻት። መቅረዙ መንገድ የሚያሳየው መስኮት ላይ ተቀመጠ። አላፊ አግዳሚው ሊያየው ይገባል አለችኝ ሪና፣ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው።

«ዝናብ የሌለው ሐኑካ አይቼ አላውቅም» አለች ጥርት ያለውን ሰማያችንን እያየች። ሐይፋ በዚህ ወር ዝናብ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ደመና ባየች ቁጥር ሥራዋን ጥላ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ «ልብሳችሁን አስገቡ!» እያለች ከሰገነቷ ትጣራ ነበር። ይህን ነግራኝ ሻማውን ለኮሰችና መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

አላፊ አግዳሚው ግን በእርግጥም አይቶ ነበር። እትዬ አስናቀች ቤቷ ፊት ለፊት ነው። ያኔ ሠላሳ ቢሆናት ነው፤ ድምፀ መረዋ፣ በሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ ቀድማ የምትደርስ፣ ዓይኗ የማያልፈው ነገር የሌለ። ሱቅ በር ላይ ያዘችኝ።

«ስሚ እስቲ፣ ያ ሻማ ምንድን ነው? በየቀኑ ይጨምራል። ሴትዮዋም ጥቁሯን አላወለቀችም። ማን ሞቶባት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ። አፌ ቃሉን ጠበቀ፤ ዓይኔ ግን እንባ ሞላ።

«በቃ፣ ገባኝ» አለችና ዳቦዋን ይዛ ሄደች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሪና ለኖዓ ብላ ቦምቦሊኖ ትጠብሳለች። እነሱ ሌላ ስም አላቸው፤ ለኔ ግን ቦምቦሊኖ ነው፣ ውስጡ ማርማላታ ያለው። የውጭው በር ሲከፈት ሰማሁ። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ንፍሮ በሳህን ይዘው፣ «እኔን! እኔን እህቴ!» እያሉ ከበር ጀምረው እያለቀሱ ገቡ። ከፊት እትዬ አስናቀች ናት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሪና ጭልፋ እንደያዘች፣ እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት እንደሆነ ወጣች።

«ነገርሻቸው?»

«አልነገርኩም።»

እትዬ አስናቀች ሶፋውን አልፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተከትለው ተቀመጡ። ሪና ወለሉ ላይ የተደረደሩትን ሴቶች ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«እኛም ዝቅ ብለን እንደምንቀመጥ ማን ነገራቸው?» አለችኝ ቀስ ብላ። በነሱም ሐዘንተኛ ሰባት ቀን መሬት ቀረብ ብሎ ይቀመጣል፤ ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣል፣ ምግብም ይዞ ይመጣል።

«ማንም» አልኳት። «በኛም እንደዚሁ ነው።»

ምድጃዋን አጥፍታ፣ እጇን እንኳ ሳትታጠብ፣ መጥታ እትዬ አስናቀች አጠገብ ተቀመጠች።

«ማን ናት የሞተችባት?» አለችኝ እትዬ አስናቀች።

«እናቷ።»

«ስሟስ?»

ሪና ይቺ ያለኔ ገባቻትና «ሐና» አለች።

«ሐና!» ሴቶቹ ሁሉ ተንጫጩ። የሩቅ ሀገር ሴት ናት ሲሉ የሰፈራቸው ሰው ሆና አገኟት። እትዬ አስናቀች ምን ትሠራ እንደነበር፣ ምን ትወድ እንደነበር አስጠየቀችኝ። ስለ ልብስ ስፌቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰገነቱ ተረጎምኩላት። ዓይኗን ጨፈነችና ጀመረች፦

«ሐናዬ ተነሺ፣ ሰማዩ ጠቆረ፤
ያሰጣሽው ልብስ እደጅ አደረ።»

ይህን ለሪና ተረጎምኩላት። እሷም ከሰውነቷ የማይወጣ የሚመስል ድምፅ አወጣች። እናቷን በቋንቋዋ እየተጣራች፣ እትዬ አስናቀች ጉልበት ላይ ተደፍታ፣ እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች። የአስናቀች ቀሚስ በዱቄት ነጣ። ኖዓ ደንግጣ እየሮጠች መጣች፤ አንዷ አቅፋ፣ «እናትሽ ደህና ናት ልጄ፣ ዛሬ ገና ደህና ሆነች» አለቻት። ኖዓ አማርኛው ባይገባትም ደረቷ ላይ ተለጠፈች።

ሲረጋጉ ሪና ተነሥታ ቦምቦሊኖውን በትሪ አቀረበች። የሚነካ ጠፋ። እንቁላልና ወተት እንዳለበት እኔ አውቃለሁ፤ የነቢያት ጾም ነው። ነገርኳት። ምንም ሳትል ወጥ ቤት ተመልሳ፣ በውሃ ብቻ አዲስ ሊጥ አቦካች። ኩፍ እስኪል ድረስ ሴቶቹ ጠበቁ፤ እሷም ንፍሮውን እየዘገነች በላች፣ ከስንት ቀን በኋላ። በኋላ እነሱም የጾሙን ቦምቦሊኖ እየነከሱ፣ ስኳሩን ከነጠላቸው ላይ እያራገፉ ተጫወቱ። ሲመሽ ኖዓ ሻማውን አስለኮሰች። የበዓል ሻማ መሆኑን ስነግራቸው እትዬ አስናቀች ደረቷን መታች።

«ውይ በሞትኩት! በዓመት በዓል ነው ያስለቀስናት?»

ሪና ተርጉሜ ሳልጨርስ ሳቀች። በዚያ ወር ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው።

ሪና አልሄደችም። በሁለተኛው ዓመት የሁለቱ ሀገሮች ግንኙነት ተቋርጦ ሁሉም ጓዛቸውን እስኪጠቀልሉ ድረስ ካዛንቺስ ኖረች። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም።

እኔ ዛሬ ቂርቆስ አንድ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነው የምኖረው። ጎረቤቶቼን የማውቃቸው ደረጃ ላይ አንገት በመነቅነቅ ነው። ያን ቀን ከለገሃር ስገባ አንድ ሻማ መስኮቴ ላይ አበራሁ። በማግስቱ ሁለት። ሥርዓት ብዬ አይደለም፤ ለአስናቀች ሌላ የማደርግላት ነገር ስላጣሁ ነው።

በሦስተኛው ምሽት በሬ ተንኳኳ። ፊት ለፊቴ የምትኖረዋ ወጣት ናት፤ የቢሮ መታወቂያዋ ገና ከአንገቷ አልወረደም።

«እማማ፣ ይቅርታ... ማለቴ፣ ሻማውን ከታች አይቼ ነው። መብራት አልጠፋም እኮ። ሰላም ነው?»

ሰላም ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ግን እንደ አሥራ ስምንት ዓመቴ ከዳኝ። ልጅቷ አየችኝና ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። እጄን ይዛ አስገባችኝና ወንበር እያለ ምንጣፉ ላይ አብራኝ ተቀመጠች።

«ማን ይባሉ ነበር?» አለችኝ።

«አስናቀች» አልኳት፤ ያኔ ለቅሶዬ መጣ።