የቦዲል ዐሥራ አምስት ደቂቃ

ቦዲል በዚያች ትንሽ የዴንማርክ ደሴት ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምራለች። በየዓመቱ ልጆቹን ሜዳው ላይ ክብ ሠርተው ወደ ቆሙት ድንጋዮች ወስዳ የአገሪቱን ምክር ቤት ስም ትፈታላቸው ነበር። ፎልከቲንግ፦ «ፎልክ» ሕዝብ ነው፣ «ቲንግ» ሸንጎ። ድሮ ነፃ ሰው ሁሉ በድንጋዮቹ ዙሪያ ቆሞ ሙግቱንም ሕጉንም እዚያው ይጨርስ ነበር። የሚያስደንቀው ደግሞ፣ «ቲንግ» የሚለውን ቃል ሥር የሚቆፍሩ ሊቃውንት «የተቀጠረ ጊዜ» ወደሚል ትርጉም ይደርሳሉ። ሰውን የሰበሰበው ከቦታው ይልቅ ቀጠሮው ነበር ማለት ነው!

አሁን ቀጠሮው የራሷ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በብርዱ ወራት የሚመላለሰውን መሸጋገሪያ ጀልባ ሊያቆም ወስኗል። ባሏ ቶርኪል ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ባሕሩን ተሻግሮ ኩላሊቱን ያሳጥባል። ማንም ዜጋ ጠይቆ በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ዐሥራ አምስት ደቂቃ መናገር ይችላልና ጠየቀች፤ ተፈቀደላት።

«ኩላሊቴ ዋና አይችልም በያቸው» አላት ቶርኪል ስትወጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ እንኳ ቀልድ ተው!»

ኮፐንሃገን ደርሳ ከአባላቱ ፊት ስትቀመጥ ግን የአስተማሪነት አመሏ ያዛት። ከድንጋዮቹ ጀመረች። ከቲንግ ወደ ፎልክ፣ ከፎልክ ወደ ሕገ መንግሥቱ ሄደች። አባላቱ ፈገግ ሲሉ ጊዜ ይበልጥ መናገር አማራት።

«ሁለት ደቂቃ ቀርቶዎታል» አሉ ሰብሳቢዋ።

ደነገጠች። «ባሌ... ጀልባው ከቆመ ይሞትብኛል።»

«ጀልባው የማዘጋጃ ቤቱ ጉዳይ አይደለም?» አለ አንዱ።

«እነሱማ በጀቱ ከእናንተ ነው ይላሉ!»

«እናመሰግናለን» አሉ ሰብሳቢዋ።

ቦዲል ከወንበሯ አልተነሣችም። «ታዲያ ምን ትላላችሁ?»

«እዚህ እናዳምጣለን እንጂ መልስ አንሰጥም፤ ደንቡ ነው» አሏት በለሰለሰ ድምፅ። ባለተራዎቹ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

ከምክር ቤቱ ደረጃ ሥር ሆና ለባሏ ደወለች።

«ምን አሉሽ?»

«ስለ ቃሉ ሳወራ ጊዜው አለቀ፣ ቶርኪል። ላንተ ሁለት ደቂቃ ብቻ ተረፈችህ።» አለቀሰች።

«የመጨረሻው ጀልባ መቼ ነው?» አላት።

«ጥቅምት መጨረሻ።»

«እንግዲያው ስትመለሺ ካርቶን ይዘሽ ነይ» አላት። «ዕቃችንን እንሸክፍ።»